ባለደመወዝ ሰው ሥዕል ሊገዛ ይችላልን?

ትምህርቱን ጨርሶ በመሥሪያ ቤት የተቀጠረ ወጣት የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ደመወዞች በምን ላይ እንደሚያውላቸው የታወቀ ነው። ለእናቱ ነጠላ፤ ለአባቱ ጋቢ ይገዛል፤ ከዚያም ልብስና ጫማ፤ አልጋና ወንበር፤ ስልክና ቴሌቪዥን በተራቸው ይከተላሉ። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው፤ የሚነቀፍበትም ምክንያት የለም። ነገር ግን ቤቱ እንዲህ በየጊዜው ሲሟላ ግድግዳው ብቻ ተረስቶ ይቀራል። ወይም ደግሞ በፋብሪካ የታተመ፤ ባለቤቱ በዓይኑ አይቶት የማያውቀው የበረዶ ተራራ ወይም የባሕር ዳርቻ በወርቃማ ፕላስቲክ ተከፍፎ ይሰቀልበታል። ይህ ወጣት «በሰው እጅ የተሣለ ሥዕል ለምን አትገዛም?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ «እሱ የሀብታምና የፈረንጅ ነገር ነው» ይላል።

እኛ ግን ይህ መልስ ትክክለኛ ነው ብለን አናምንም። በደመወዙ የሚተዳደር ሰው፤ ተማሪም ቢሆን እንኳ፤ ጥቂት ትዕግሥትና ጥቂት ዕውቀት ካለው፤ በእጅ የተሠራ ዋና ሥዕል ባለቤት ሊሆን ይችላል። ይችላል ብቻም አይደለም፤ ሊሆን ይገባዋል። ለምን እንደሚገባው አስቀድመን፤ እንዴት እንደሚችል ደግሞ ቀጥለን ለመግለጽ እንሞክራለን።

በመሠረቱ ሥዕል ለኛ እንግዳ ነገር አይደለም። ፊደል ያልቈጠረ ምእመን ሳይቀር በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሣለውን ታሪክ እንደ መጽሐፍ ሲያነብ ኖሯል። ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ከሐድያንና አጋንንት ግን በጎን በአንድ ዓይን ብቻ ይታያሉ። ይህን ምልክት ማንም ሕፃን ከእናቱ ጋር ቆሞ ሲመለከት ያውቀዋል። የጎንደርን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ቀና ብሎ ያየና በነዚያ ሁሉ የኪሩቤል ዓይኖች የታየ ሰውም ሥዕል ምን ማድረግ እንደሚችል ሌላ አስረጅ አያስፈልገውም። እንግዲህ ማየትን ከአባቶቻችን ወርሰናል፤ ያልለመድነው ሥዕልን በየቤታችን ማኖርን ነው። ቀድሞ ሥዕል አሠሪዎቹ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ነበሩ። ዛሬ ግን ሠዓሊው በአብዛኛው የሚኖረው ሥራውን ለግለሰብ ሸጦ ስለ ሆነ፤ የአገሩ ሰው ካልገዛው የሚገዛው ሌላ ነው ማለት ነው።

ይህ ደግሞ ቀላል ጉዳይ አይደለም። አቶ አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን በአዲስ አበባ ካቋቋሙ ጀምሮ፤ ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስማቸው ከሚጠራው ከዚሁ ትምህርት ቤት ብዙ ሠዓሊዎችና ቀራጮች ወጥተዋል። ከሥራዎቻቸው ስንቱ በአገር ውስጥ ቤቶች ይገኛል? ለጥቂት ዓመት ሥራ መጥተው የሚመለሱ የውጭ አገር ሰዎች ሥዕል ገዝተው ይሄዳሉ። እነሱን መውቀስ አይቻልም፤ እንዲያውም ሠዓሊዎቻችን በእነሱ ግዢ ኖረዋልና ሊመሰገኑ ይገባል። ጥፋቱ የገዙት ሳይሆን ያልገዛነው የኛ ነው። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል» የሚለው ተረት እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። እስክንድር ቦጎሲያን እ.ኤ.አ. በ1964 የሠሩት «የጁጁ ሠርግ» የተባለው ሥዕል የሚገኘው በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። ይህ ለአገር ክብር ነው። ነገር ግን ሁሉም እንዲህ ወደ ውጭ ከሄደ፤ የነገ ልጆቻችን የአባቶቻቸውን ዘመን ሥዕል ለማየት የአውሮፕላን ቲኬት መቍረጥ ሊኖርባቸው ነው።

«ነገሩስ እውነት ነው፤ ገንዘቡ ግን ከየት ይመጣል?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። ለዚህ አንባቢ የሁለት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ታሪክ መልስ ሊሆን ይችላል ብለን እናስባለን። ሚስተር ኸርበርት ቮጀል በኒው ዮርክ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ሥራቸውም ደብዳቤ መለየት ነበር፤ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እንኳ አልጨረሱም። ባለቤታቸው ዶሮቲ ደግሞ በብሩክሊን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ከተጋቡ በኋላ አንድ ውሳኔ አደረጉ፤ ይኸውም በሚስት ደመወዝ ሊኖሩ፤ በባል ደመወዝ ግን የሥነ ጥበብ ሥራ ሊገዙበት ነው። ሕጋቸው ሁለት ብቻ ነበር፤ አንደኛ ዋጋው ከዐቅማቸው እንዳያልፍ፤ ሁለተኛ ከምትጠበው ቤታቸው እንዲገባ። የታወቁ ሠዓሊዎችን ሥራ ለመግዛት ዐቅም ስላልነበራቸው፤ ገና ስማቸው ያልተጠራ ወጣቶችን ፈልገው በየሥራ ቤታቸው እየሄዱ ያዩ ነበር። ትልቅ ሸራ ሲወደድባቸው በወረቀት ላይ የተሠራ ትንሽ ንድፍ ይገዙ ነበር። በአንድ ጊዜ መክፈል ሲያቅታቸው ቀስ በቀስ ይከፍላሉ። አንድ ጊዜም ክሪስቶና ዣን ክሎድ የተባሉት የሥነ ጥበብ ሰዎች ለጉዞ ሲሄዱ ድመታቸውን ጠብቀው በዋጋው ሥዕል አግኝተዋል።

ባልና ሚስቱ እንዲህ እያሉ ባንድ መኝታ ቤት አፓርታማ ውስጥ፤ ከአልጋው ሥርና ከግድግዳው እስከ ጣሪያው፤ ባጠቃላይ ከ4,000 በላይ ሥራዎችን ሰበሰቡ። ሰብስበውም አልሸጡም። እ.ኤ.አ. በ1992 ስብስባቸው ዋሺንግተን ወደሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ቤተ መዘክር እንዲሄድ ተስማሙ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ ለአሜሪካ 50 ግዛቶች ለእያንዳንዳቸው 50 ሥራዎች እንዲደርሳቸው ተወሰነ። በሚሊዮን የሚቈጠር ገንዘብ ሊያገኙበት ሲችሉ፤ አገራቸው ደመወዝ ሰጥታ አኑራናለች በማለት ሀብቱን ለሕዝብ አደረጉት። የኛ ወጣት ሠራተኛ 4,000 ሥዕል ይሰብስብ አንልም። ከነዚህ ሰዎች ሊማር የሚገባው ግን አለ፤ ሥዕል ለመግዛት ከገንዘብ ብዛት ይልቅ የልብ ውሳኔና የዓይን ልምድ እንደሚበልጥ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ይኸው የዓይን ልምድ ነው። ጀማሪ ሰው ለመግዛት ከመቸኰል ቢያንስ ለጥቂት ወራት ቢመለከት ይጠቀማል። መመልከት ደግሞ ብዙ አያስወጣም። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ያጌጡትን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልን የሳመ ሰው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 የተከፈተውን የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስተዋት ያየ ሰው፤ በብሔራዊ ሙዚየም የተሰቀሉትን ሥዕሎች እየተዘዋወረ የተመለከተ ሰው፤ ሳያውቀው ትምህርት ቤት ገብቷል ማለት ነው። በስድስት ኪሎም በሠዓሊና ባለቅኔ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም እ.ኤ.አ. በ2008 የተከፈተ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ማዕከል አለ። ከዚህም ሌላ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ተመራቂዎች የሚያሳዩት ኤግዚቢሽን አለ። ጀማሪ ገዢና ጀማሪ ሠዓሊ የሚገናኙበት ከዚህ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለንም፤ ዋጋው ገና አልናረም፤ ሠዓሊውም ከሥራው አጠገብ ቆሞ ስለሚገኝ የልብን ጠይቆ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው ነገር ምን እንደሚገዙ ማወቅ ነው። ዋና ሥራ ማለት በዘይት ቀለም ሸራ ላይ የተሣለ ትልቅ ሥዕል ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። በእርሳስ ወይም በከሰል የተነደፈ፤ በውኃ ቀለም ወረቀት ላይ የተሠራ፤ በአክሪሊክ የተቀባ፤ ከእንጨት ወይም ከብረት የተቀረጸ ሁሉ የሠዓሊው እጅ እስካረፈበት ድረስ ዋና ሥራ ነው። በተለይ ጀማሪው ሊያውቀው የሚገባው የኅትመት ሥዕል የሚባለው ነው። ሠዓሊው ሥዕሉን በእንጨት ወይም በብረት ገጽ ላይ ይቀርጽና ቀለም ቀብቶ በወረቀት ላይ ያትመዋል። የሚታተመው በቍጥር ስለ ሆነ ከሥር በእርሳስ 5/20 ተብሎ ቢጻፍበት ከሃያዎቹ አምስተኛው ነው ማለት ነው፤ በአጠገቡም ፊርማው ይኖራል። በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት ሃንሰን ባሂያ የተባሉት ጀርመናዊ በአዲስ አበባው ትምህርት ቤት የእንጨት ኅትመትን አስተምረው ነበርና፤ ይህ ሙያ በአገራችን ሥር ያለው ነው። ሃያ ሰዎች ስለሚካፈሉት ዋጋው ከሸራ ሥዕል ያነሰ ይሆናል። በማሽን ከፎቶግራፍ ተባዝቶ የሚሸጠው ግን ምንም ያህል ቢያምር ግልባጭ ነው፤ በዋና ሥራ ዋጋ ሊሸጥ አይገባም።

እዚህ ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያዎች መስጠት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በቸርችል ጎዳናና በሌሎችም የስጦታ ዕቃ መደብሮች የሚገኙትን ሥዕሎች ይመለከታል። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በብዙ ክፍል ተከፋፍሎ በሸራ ወይም በብራና ላይ ተሥሎ ይሸጣል። በእጅ መሠራቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን አንዱ የሠራውን ሌላው እያየ ስለሚደግመው፤ ገዢው የእጅ ሙያ ዕቃ እንደ ገዛ አውቆ በዚያው ልክ ቢከፍል ነውር የለበትም። ሁለተኛው ግን ከባድ ነው። «የጥንት ነው፤ ከገዳም የወጣ ነው» እየተባለ አንዳንዴ በምስጢር የሚቀርብ ሥዕለ አድኅኖ፤ የብራና መጽሐፍ ወይም ጥቅል ክታብ ሲያጋጥም፤ ወጣቱ እጁን መሰብሰብ አለበት። ዕቃው ሐሰተኛ ከሆነ በጢስ የጠቈረ አዲስ ሥራ ነውና ገንዘቡ ይባክናል። እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ተሰርቆ ሊሆን ይችላል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቍጥር 209ም ስለ ቅርስ አጠባበቅ ደንግጓል። ገዢ ባይኖር ሌባ አይኖርም።

ሦስተኛው ጥያቄ «የትኛውን ልምረጥ?» የሚለው ነው። ምክራችን አጭር ነው፤ አስቀድመህ ፊርማውን አትይ፤ ሥዕሉን እይ። ከኤግዚቢሽኑ ወጥተህ ቤትህ ከገባህ በኋላ፤ በማግሥቱም በሦስተኛውም ቀን ከልብህ ያልጠፋው ሥዕል የትኛው እንደ ሆነ ራስህን ጠይቅ። ተመልሰህ ሄደህ እንደገና ስታየው ያልታየህ ነገር ከታየህ፤ እሱ ለብዙ ዓመት ሊያነጋግርህ የሚችል ነው። በአንድ ዐይታ ሁሉን ነግሮ የሚጨርስ ሥዕል ግን ከወር በኋላ እንደ ግድግዳው ይቈጠራል። ያልገባህን ሁሉ ለመናቅም አትቸኵል። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ተምረው ተመልሰው ረቂቅ ሥዕሎቻቸውን ሲያሳዩ «ይህ ምንድን ነው?» ያሉ ጥቂቶች አልነበሩም። ዛሬ እነዚያ ሥዕሎች የዘመናዊ ሥነ ጥበባችን ዓምድ ተብለው ይጠቀሳሉ።

ትርፍ አገኛለሁ ብሎ መግዛትን ግን አንመክርም። በአዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ የሣለችው አንድ ሥዕል እ.ኤ.አ. በ2023 በኒው ዮርክ ጨረታ 10.7 ሚሊዮን ዶላር ማውጣቱን የሰማ ወጣት፤ ዛሬ በትንሽ ገንዘብ ገዝቼ ነገ እበለጽጋለሁ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ነገር ግን እንዲህ ያለው ዕድል ከብዙ ሺህ ሠዓሊዎች ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ነው። አብዛኛው ሥዕል በተገዛበት ዋጋ እንኳ ተመልሶ ለመሸጥ ገበያ አያገኝም። ለትርፍ የሚፈልግ ገንዘቡን ሌላ ቦታ ያውለው። የሥዕል ትርፉ ጧት ሲነሡና ማታ ከሥራ ሲገቡ የሚታይ ነው፤ በባንክ ደብተር አይጻፍም።

ስለ ዋጋም ጥቂት እንበል። ዋጋ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ባለጋለሪውም ሠዓሊውም ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ የሚውሉ ናቸው። ዐቅም አነስተኛ መሆኑን በግልጽ ተናግሮ «ከዚሁ ሠዓሊ በወረቀት የተሠራ አነስ ያለ ይገኛልን? በሦስት ወር ከፍዬ ብጨርስስ?» ማለትም የጨዋ ጥያቄ ነው። ነገር ግን እንደ መርካቶ ገበያ ግማሽ ቆርጦ መጣል፤ የብዙ ሳምንት ሥራን ማዋረድ ነው። ሥዕሉን በጋለሪ አይተው ከባለጋለሪው ጀርባ ዞረው ከሠዓሊው በርካሽ ለመግዛት መሞከርም እምነት ማጉደል ነው፤ አዳራሹን ተከራይቶ፤ መብራቱን አብርቶ፤ ሥራውን ለሕዝብ ያሳየው ሰው ድርሻው ሊቀርበት አይገባም።

ደግሞስ ዕቁብ የምን አገር ሥርዓት ነው? አሥር የሥራ ባልደረቦች በየወሩ 500 ብር ቢያዋጡ 5,000 ብር ይሆናል። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ሌላ ነገር ላይ ሳያውል ከወጣት ሠዓሊ ሥራ ቢገዛበት፤ በአሥር ወር ውስጥ አሥር ቤቶች አሥር ዋና ሥራዎች ይኖሯቸዋል፤ አሥር ጊዜም አንድ ሠዓሊ ቀለም የሚገዛበትንና የቤት ኪራይ የሚከፍልበትን አግኝቷል ማለት ነው። ገንዘቡ ቢያንስ በጋራ አንድ ሥራ ገዝቶ በየተራ በየቤቱ ማኖርም ይቻላል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፤ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላል። ለብረት ድስትና ለምንጣፍ ዕቁብ የገባ ሕዝብ፤ ለሥዕል ቢገባ ምን ይከለክለዋል?

ሥዕሉ ከተገዛ በኋላ ደረሰኝ መቀበል አይዘንጋ። በደረሰኙ ላይ የሠዓሊው ስም፤ የሥዕሉ መጠሪያ፤ የተሠራበት ዓመት፤ የቀለሙ ዓይነትና መጠኑ ቢጻፍ፤ ሠዓሊውም ቢፈርምበት፤ ለልጅ ልጅ የሚሆን ማስረጃ ነው። ደግሞም ሥዕሉን መግዛት ሥዕሉን የማባዛት መብት መግዛት እንዳልሆነ ይታወቅ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቍጥር 410 የሠዓሊውን መብት ይጠብቃልና፤ ባለቤት ነኝ ብሎ ሥዕሉን በቀን መቍጠሪያና በማስታወቂያ ላይ ማተም አይቻልም።

አጠባበቁም ዕውቀት ይፈልጋል። ሥዕል ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፤ በተለይ የውኃ ቀለም ፈጥኖ ይደበዝዛል። ክረምት ሲመጣ ርጥበት በሚያሳልፍ ግድግዳና በሚያፈስ ቆርቆሮ ሥር አይኖርም። ቡና በሚፈላበትና ዕጣን በሚጨስበት ጥግ ላይ የተሰቀለ ሥዕል ከዓመታት በኋላ ቀለሙ ይጠቍራል። በወረቀት የተሠራው ከመስተዋት በስተ ኋላ ቢቀመጥ ይመረጣል፤ ነገር ግን መስተዋቱ ወረቀቱን መንካት የለበትም። አቧራ በለስላሳ ደረቅ ብሩሽ ይራገፋል እንጂ በርጥብ ጨርቅ አይወለወልም። ሸራው ከክፈፉ ወጥቶ መጠቅለል ካስፈለገም፤ ቀለሙ እንዳይሰነጠቅ የተቀባው ገጽ ወደ ውጭ ሆኖ በሰፊው ይጠቀለል።

በመጨረሻም ለወጣት ሹማምንት አንድ ቃል እንጨምራለን። ዛሬ በአንዲት ጠረጴዛ ላይ የምትሠሩ ነገ መምሪያ ትይዛላችሁ፤ የቢሮና የአዳራሽ ዕቃ ግዢ በፊርማችሁ ይወጣል። ያን ጊዜ ለመጋረጃና ለሶፋ ከሚመደበው ገንዘብ ጥቂቱን ለአንድ የአገራችሁ ሠዓሊ ሥራ ለማዋል የምትችሉት፤ ዓይናችሁን ከአሁኑ ያሠለጠናችሁ እንደ ሆነ ብቻ ነው። በገዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሥዕል ያልለመደ ሰው በመንግሥት ቤት ግድግዳ ላይ ሊያስብለት አይችልም።

እንግዲህ ለጀማሪው የምንለው ይህ ነው፤ አንድ ዓመት ሙሉ ተመልከት፤ በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሥራ ግዛ። ትልቅ ስም ያላት አትሁን፤ ከልብህ የገባች ትሁን። ሠዓሊዋ ወይም ሠዓሊው በዚያች ገንዘብ የሚቀጥለውን ሥዕል ይጀምራሉ። አንተም ለልጆችህ ስታሳያት «ይህን የሣለውን ሰው አውቀዋለሁ፤ የገዛሁትም በደመወዜ ነው» ለማለት ትችላለህ።